ካልተመለሰልን አንቀመጥም

አሜሪካ፣ ኢንግልዉድ የምትኖር ሐበሻ ስለ እንግሊዝ የገበሬ መንደር ለማውራት ምን አገባት የሚል አይጠፋም። ያገባኛል! ያቺን መንደር በዓይኔ አላየኋትም፤ ወደፊትም አላያት ይሆናል። ግን ቤተ ክርስቲያኗ ከሱቋ በየት በኩል እንደሆነች፣ ኩሬዋ መቼ መቼ እንደሚጎድል፣ በገበያ ቀን አውቶቡሱ ያመለጠው ሰው ምን እንደሚገጥመው ጠይቁኝና ልንገራችሁ። እኛ ሐበሾች የምንሰበሰብበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያደረግነውን ነገር ያለ እሷ መናገር አይቻልም፤ እኔ ደግሞ ሳልናገር አልቀርም።

ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው፤ ኬርጊቨር ነኝ። ያኔ የምንከባከባቸው ሴትዮ ከፌርፋክስ ምግብ ቤቶቻችን ጀርባ አንድ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ይኖሩ ነበር። እንግሊዝ አገር ተወልደው፣ አሜሪካዊ አግብተው የመጡ ናቸው። ባላቸው ሃውቶርን አውሮፕላን ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ሞተዋል። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ እሷም በረዶ የማይለቀው ሩቅ ስቴት ነው የምትኖረው። በስሜ ጥሪኝ ቢሉኝ አፌ እንቢ አለ። የእናቴን ዕድሜ ያለፉ ሴት እንደ እኩያዬ በስም ልጥራ? እማማ አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲያነሱ ራሱ «እማማ ነኝ» ማለት ጀመሩ።

እማማ ስለ መንደራቸው ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ገላቸውን ሳጥብ መንደራቸው፣ ጸጉራቸውን ሳበጥር መንደራቸው፣ መድኃኒት ሳቀርብ መንደራቸው። ገብስና ስንዴ የሚበቅልባት፣ ላምና በግ የሚረባባት፣ አንዲት መንገድ ብቻ ያላት ትንሽ ቦታ ናት። ቤተ ክርስቲያኗን ማን እንደሠራት የሚያውቅ የለም፤ ግድግዳዋ ላይ የተቀረጸው ስም ሁሉ ከእጅ ብዛት ተፍቆ ጠፍቷል። አንድ መጠጥ ቤት አላት። ሻይ ቅጠልም ቴምብርም ቁልፍም ክርም የምትሸጥ አንዲት ሱቅ አለች። ሕፃኑም ጎረምሳውም በአንድ ክፍል የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ ፈረስ ሲጠፋ ትራክተር መጠገን የጀመረ ቀጥቃጭ፣ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሰው አዋጥቶ አዳራሽ ሠራ፤ ሠርጉም ጭፈራውም የሕፃናት ክትባቱም ከቀብር መልስ ሻዩም እዚያው ነው። እድር በሉታ አልኳቸው። እድር ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው፣ እኛማ ስም አጥተንለት ነው እንጂ ነበረን አሉ።

እኔም አልተኛላቸውም። ሐኪም የለ፣ ገበያ የለ፣ አውቶቡስ በሳምንት አንዴ፣ ይቺ ምኗ ነው የሚወራላት እያልኩ አበሽቃቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ የዋዛ አይደሉም። የእናንተስ ፌርፋክስ ምን አለው ብለው ይቆጥሩልኛል፦ አንድ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ምግብ ቤት፣ ቅመምም ነጠላም ሻማም የምትሸጥ ሱቅ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚያይ ሽማግሌ። ሠርግና ለቅሶ በአንድ ጥግ፣ ሐሜት በሌላው። እኔ መንደር አልለወጥኩም፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ተዛወርኩ እንጂ ይላሉ።

በእርግጥም ጠዋት ጠዋት ወደ መንደራቸው እንደሚወጣ ሰው ነበር የሚወጡት። ከአፓርታማው በስተጀርባ ወጥተን፣ የመኪና ማቆሚያውን አቋርጠን፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለች ጠባብ ማለፊያ ወደ ፌርፋክስ ብቅ እንላለን። እየተደገፉ የሚገፉት ዎከር ጎማው ይንጫጫል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ከጎናቸው እከተላለሁ። ደጃፍ ላይ የሚቀመጡት ጋሼ፣ ዕድሜያቸውን ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ገና ሲያዩዋቸው ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። «ኖር» ይላሉ። እማማም በዚያ በእንግሊዝ ምላሳቸው «በእግዚአብሔር» ይላሉ። የቅመም ሱቋ እትዬ በሶ በጥብጣ በኩባያ ታቀርባለች። እማማ በሶውን መጀመሪያ የቀመሱ ቀን ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ የገብስ ልጅ ነኝ፣ ይሄ ሽታ የአባቴ ኮት ነው አሉ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ማለፊያዋን ከያዙት ሁለት ሕንፃዎች ጥጉ ላይ ያለው ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ወጣት ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ቢሮ ከፈተና ማለፊያዋ ላይ የብረት በር ገጥሞ ቆለፈ። አንድ ማለዳ ከዎከር ጋር በሩ ሥር ቆመን ቀረን።

ዙሩና ሂዱ ማለት ቀላል ነው። ዙሪያው ትልቁ ጎዳና ነው፤ የእግረኛው መንገድ በዛፍ ሥር ተገፍቶ እንደ ተገለበጠ እንጀራ ተቆልምሟል። እኔ በሙሉ ጉልበቴ የምሰናከልበትን እማማ በዎከር ሊሻገሩት? ሞከርነው። ጎማው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተሰነቀረ፣ እማማ ወደፊት ተደፉ፣ በብብታቸው ይዤ አተረፍኳቸው። በመኪና ላድርስዎ ብላቸውም መንደር በእግር ነው የሚወጣው አሉ፤ ከዚያ በኋላ መውጣት ቀረ። ሶ፣ መስኮት ሥር ተቀምጠው መዋል ጀመሩ። ስለ መንደራቸው ማውራት ሲያቆሙ ነው እኔ የደነገጥኩት።

ልጃቸው ስልክ ስትደውል ድምፃቸው ተለየባት። እኔን ጠየቀችኝ፤ አልዋሸሁም። እንግዲያው አለች፣ ከቤት የማትወጣ ከሆነ እዚያ ምን ታደርጋለች፣ በዚህ ወር መጨረሻ መጥቼ እኔ አጠገብ ያለ የአረጋውያን ቤት አስገባታለሁ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ፈርታ ነው። እማማ ግን ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ከዚህ ከወሰደችኝ ክረምቱን አልጨርስም አሉኝ፤ እንደ ቀልድ አይደለም የተናገሩት። እኔም አመንኳቸው።

ወጣቱን ላናግረው ሄድኩ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ተሳድቤ እወጣ ነበር። እሱ ግን ፈገግ ይላል፣ ይቅርታ ይላል፣ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ! ኢንሹራንሱ ነው፣ ሰው ቢወድቅ እኔ ነኝ የምከሰሰው፣ ማለፊያዋ የግል ንብረት ናት አለኝ። ደጋግሜ ሄድኩ፤ ደጋግሞ ፈገግ አለ።

ተመልሼ ለእማማ ስነግራቸው ከመስኮቱ ዞር አሉ። ያኔ ነው ከዚያ በፊት ነግረውኝ የማያውቁትን የመንደራቸውን ታሪክ የነገሩኝ። ከድሆቹ ቤቶች እስከ ቤተ ክርስቲያኗና እስከ አዳራሹ ድረስ በስንዴ ማሳ መሃል የምታልፍ የእግር መንገድ ነበረች። ሙሽራም ሬሳም በእሷ ነው የሚያልፈው። እርሻውን አዲስ ሰው ገዛና መንገዷን ከማሳው ጋር አርሶ ዘራባት፤ ዳርና ዳሩን ሽቦ አጠረ። የእማማ አባት የዚያው ሰውዬ ላም ጠባቂ ናቸው፤ የሚኖሩበትም ቤት የሰውዬው ነው። ከሥራ ቢያባርራቸው ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ነው የሚወድቁት። እሑድ ደረሰና የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለበሱ፣ ያኔ ሕፃን የነበሩትን እማማን በእጅ ያዙ፣ ሽቦውን ተሻግረው ጉልበት የሚደርሰውን ስንዴ እየረገጡ መሄድ ጀመሩ። ከኋላቸው መንደሩ ሁሉ በአንድ መስመር ተከተለ። ሰውዬው ማሳው ዳር ቆሟል። እያንዳንዱ ሰው ሲያልፍ ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ እንደምን አደሩ ይለዋል፤ አንድም ሰው ሌላ ቃል አልተናገረም። በሚቀጥለውም እሑድ፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ስንዴው ሲታጨድ መንገዷ ነጭ ሆና ወጣች። እስከ ዛሬ አለች አሉኝ።

«አየሽ፣ ሌላው አዝመራ ሲረገጥ ይሞታል። መንገድ ግን ሲረገጥ ነው የሚበቅለው።»

ይሄን ይዤ እትዬ ሱቅ ሄድኩ። ጋሼም ነበሩ። ብረት እንደ ስንዴ አይረገጥ፣ ምን ይሻላል ስል፣ ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁና ሽማግሌ እንላክበት አሉ። እትዬ ሳቀች። ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ሲጠየቅ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ነው፤ ፈረንጅ ሽማግሌ ምን ያውቃል አለች። ጋሼ አልሳቁም። እሱ ባያውቅም እኛ እናውቃለን አሉ።

ማን ይሂድ የሚለው ግን አጣላን። ጋሼ ሌሎች ወንዶች ከቤተ ክርስቲያን ሊያመጡ አሰቡ። እኔ እማማ ይኑሩበት አልኩ፤ መንገዱን ያጡት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ባለጉዳይ ለራሱ ሽማግሌ አይሆንም፣ ሴትም ተልካ አታውቅም ብለው ተከራከሩ። ይሄኔ እትዬ ሚዛኑን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው። በዚህ አገር ለቅሶ ቤት ድንኳን የምተክል እኔ፣ የታሰረ የማስፈታ እኔ፣ የተጣላ የማስታርቅ እኔ፤ ሽማግሌነቱ ሲመጣ ነው ሴትነቴ የታያችሁ አለች። ጋሼ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። እሺ፣ ሁላችንም እንሄዳለን አሉ።

ለእማማ ሥርዓቱን ማስረዳት የእኔ ድርሻ ሆነ። የተላከ ሽማግሌ ቤት ሲገባ ተቀመጡ ይባላል፤ አይቀመጥም። ውሃ ይቀርብለታል፤ አይጠጣም። ጉዳዩን ተናግሮ መልስ እስኪያገኝ ቆሞ ይጠብቃል። እርስዎ ግን ወገብዎ ስለማይችል ዎከሩ ላይ ባለችው መቀመጫ አረፍ ይበሉ፣ ማንም አይቀየምም አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና መቀመጥ መቀመጥ ነው አሉኝ።

የሄድነው ልጃቸው ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። እማማን በመኪና በዙሪያው አድርጌ ከቢሮው ፊት ለፊት አወረድኳቸው። ጋሼ ነጠላ ከሱፋቸው ላይ ጣል አድርገዋል፤ እትዬ ሱቋን ቆልፋ መጥታለች። እማማ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የአንገት ዶቃቸውን አድርገው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። ወጣቱ ሲያየን ፈገግ አለና ወንበር አሳየን። ማንም አልተቀመጠም።

ጋሼ ጎንበስ ብለው ልመና ይዘን መጥተናል ልጄ አሉ፤ እኔ ተረጎምኩ። ስለ ማለፊያዋ ተናገሩ፣ ስለ እማማ ተናገሩ፣ ከእሱ በፊት የነበረው ባለቤት አንድም ቀን ዘግቷት እንደማያውቅ ተናገሩ። ወጣቱ እየሰማ ዓይኑ ወንበሮቹ ላይ ነው። የቆሸሹ መሰለው መሰለኝ፣ ተነስቶ በወረቀት ጠረጋቸው። ቆመን ቀረን። ከጓዳ ሄዶ ጎማ ያለውን የራሱን ወንበር እየገፋ አመጣ። ቆመን ቀረን። ውሃ በጠርሙስ አደለ፤ እትዬ አመስግና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እሱ ራሱ ተቀመጠ፤ ግን ሽማግሌዎች ከላዩ ቆመው እንዴት ይቀመጥ፣ ተመልሶ ተነሳ። ሳቄ መጣብኝ፤ ከንፈሬን ነክሼ ቻልኩት።

ከዚያ ያ ፈገግታው ጠፋ። ለምንድነው የማይቀመጡት ብሎ እኔን ጠየቀኝ። መልስ እየጠበቁ ነው አልኩት። አሰበ፣ አሰበና ከመሳቢያው አንድ ቁልፍ አወጣ። ለእሳቸው ብቻ እሰጣለሁ፣ ሌላ ሰው እንዳያሳልፉ አለ። እኔ በደስታ እጄን ልዘረጋ ነበር። እማማ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለአንድ ሰው የሚከፈት መንገድ አይባልም፤ በር ነው የሚባለው። እኔ መንገድ ነው የጠየቅኩት።»

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። የእማማ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዎከሩን የያዙበት ጣታቸው ነጥቷል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ልደግፋቸው ስጠጋ በክርናቸው ገፉኝ። ጋሼ በአማርኛ በቃ እናስቀምጣቸው፣ ኃጢአት ይሆንብናል አሉ። እኔም ልቤ ፈራ። አምላኬ፣ እዚህ ቢወድቁ ምን እላለሁ?

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ልጃቸው። ነገ ስንጠብቃት ዛሬ መጥታ፣ ቤት ባዶ ሆኖባት፣ ጎረቤት ጠይቃ ፍለጋ የወጣች ናት። ሻንጣዋን እንኳ አላስቀመጠችም። እናቷን አየች፣ እግራቸውን አየች፣ መጀመሪያ የጮኸችው እኔ ላይ ነው፤ ልትገድያት ነው ወይ አለችኝ። ወደ እናቷ ዞራ ተቀመጪ እንጂ እማ፣ ወንበር ሞልቶ፣ ተቀመጪ ብላ ለመነች።

እማማ ሳይዞሩ መለሱላት። «ገና አልተመለሰልኝም።»

እኔ የስንዴውን ታሪክ የሰማሁት በቅርቡ ነው፤ ልጅቷ ግን ከጡት ጋር የጠባችው ነው። የአያቷን ታሪክ እናቷ ጀርባ ላይ ያየችው መሰለኝ፤ ፊቷ ሲለወጥ አይቻለሁ። ሻንጣውን ለቀቀችና ወደ ወጣቱ ዞረች። በዚህ ዕድሜዋ እንዴት ታቆማታለህ አለችው። ኧረ እኔ ተቀመጡ ብያለሁ፣ ሁሉንም ወንበር አምጥቻለሁ አለ ምስኪኑ።

«ወንበር አይደለም የጠየቀችህ» አለች። «መልስላት!»

ወጣቱ ሁላችንንም አየን። ኦኬ አለ። ከጠዋት እስከ ምሽት በሩ ክፍት ይሆናል አለ። እማማ ለሁሉም ሰው ወይ ብለው ጠየቁ። ለሁሉም ሰው አለ። ያኔ ተቀመጡ። ያቺን ጎማ ያላትን የሱን ወንበር ነው የመረጡት፤ ጠርሙሱንም ከፍተው ውሃውን ጨለጡት። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ቤትህ ይሙላ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ ልጅ ወልደህ ሳም ብለው መረቁት። አሜን በል አልኩት፤ አለ።

መኪናዬ ከደጅ ነበረች፤ በእሷ ልመልሳቸው ስል እማማ እንቢ አሉ። ትንሽ አረፉና በማለፊያዋ ነው የምሄደው አሉ። ጠባብ ስለሆነች በአንድ መስመር ሆንን፤ እማማ ከፊት፣ ልጃቸው ቀጥሎ፣ ከዚያ ጋሼ፣ እትዬ፣ እኔ። ወጣቱ የብረቱን በር ይዞ ቆሟል። እማማ አጠገቡ ሲደርሱ ቆም ብለው እንደምን ዋሉ አሉት። ልጃቸውም እንደምን ዋሉ አለችው። ምን እንደሆነ የገባኝ እኔ ነኝ፤ ለጋሼና ለእትዬ ጊዜ ስላልነበረኝ እንዲሁ በሉ ብያቸው እነሱም አሉ። እኔም ስደርስ እንደምን ዋሉ አልኩት።

ልጅቷ ብቻዋን ተመለሰች። እማማ ክረምቱን ጨረሱ፣ በጋውንም ጨመሩበት። ከዚያ በገዛ አልጋቸው፣ በገዛ ቤታቸው፣ እጄን እንደያዙ አረፉ። እትዬ ድንኳን ተከለችላቸው፤ ጋሼ እንደ እህታቸው ለቅሶ ተቀመጡ። ልጅቷ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ ሰዉ እግዚአብሔር ያጥናሽ ሲላት ዋለ።

አሁን የምንከባከበው ሰው ጋርዴና ነው ያለው፤ ፌርፋክስ ከመንገዴ ውጭ ነው። ቢሆንም እሑድ ከቅዳሴ መልስ መኪናዬን ከጀርባ ፓርክ አድርጌ በማለፊያዋ እሄዳለሁ። ምንም የምገዛው ባይኖር እሄዳለሁ። ልጅቷ ስትደውል ደህና ነሽ ከማለቷ በፊት ክፍት ነው ወይ ትለኛለች። ዛሬም ረግጫታለሁ እላታለሁ።

ሰሞኑን ሕንፃው ሊሸጥ ነው እየተባለ ነው። ይሸጥ። የሚገዛው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ለወንበር አይጨነቅ።